ስለ ጋፒ ዓሣ ፆታ አለያየትና አረባብ ለቤት አርቢዎች የቀረበ ምክር

አብዛኛው የዓሣ ወገን ዕንቁላሉን በውሃ ውስጥ ጥሎ ዘሩን የሚተካ ሲሆን፣ ከሜክሲኮ አንሥቶ እስከ ደቡብ አሜሪካ ሰሜናዊ ጠረፍ ካሉት ወንዞች ወጥተው በዓለም ሁሉ የመስተዋት ገንዳ የገቡት ጋፒ፣ ሞሊ፣ ፕላቲና ሶርድቴይል ግን ፅንሱን በሆዳቸው ተሸክመው፣ በተወለደበት ዕለት የሚዋኝና የሚበላ ልጅ የሚወልዱ ስለ ሆኑ፣ ለጀማሪ አርቢ ከእነርሱ የሚቀል አይገኝም። በዝዋይ ወይም በሐዋሳ ሐይቅ ዳር ያደገ ሰው ከሴቷ ቆሮሶ አፍ ጫጩቶች ሲወጡ አይቶ «እርሷም ወላድ ናት» ብሎ ቢከራከረን አንፈርድበትም፤ ቆሮሶ ግን የጣለችውን ዕንቁላል በአፏ ሰብስባ የምታቅፍ እንጂ የምትወልድ አይደለችም።

ከሁሉ አስቀድሞ ተባዕቱን ከአንስቲቱ ለይቶ ማወቅ ያሻል። ጎልማሳ ጋፒ ሲሆን ነገሩ ቀላል ነው፤ ተባዕቱ 3 ሳንቲ ሜትር ያህል ሆኖ፣ ጅራቱ እንደ ካባ የተንዘረፈፈና በልዩ ልዩ ቀለም ያጌጠ ሲሆን፣ አንስቲቱ 5 ሳንቲ ሜትር ያህል የምታድግ፣ ሆዷ የተነፋ፣ ገላዋም አመድማ ናት። ይሁን እንጂ በሞሊና በፕላቲ ዘንድ ሁለቱም ፆታ አንድ ዓይነት ቀለም ሊለብስ ስለሚችል፣ በጋፒም ቢሆን ቀለሙ በጫጩትነቱ ስለማይወጣ፣ በቀለም የሚፈርድ አርቢ መሳሳቱ አይቀርም። የማይዋሸው ምልክት ከሆድ ሥር ያለው ክንፍ ነው።

ይህንም ለማየት ዓሣውን በእጅ መጨበጥ አያስፈልግም። ባዶ የማርማላታ ጠርሙስ ከገንዳው በተቀዳ ውሃ ሞልቶ፣ አንዱን ዓሣ በመረብ ወደ ውስጥ አስገብቶ፣ በመስኮት በሚገባው የጧት ብርሃን ፊት አቁሞ በአጉሊ መነጽር የተመለከተ ሰው፣ ከፊንጢጣው ቀጥሎ ያለው ክንፍ እንደ ተዘረጋ ማራገቢያ ሰፊ ከሆነ አንስት፣ ጠቦ ወደ ኋላ እንደ ተኛ መርፌ ከሆነ ተባዕት መሆኑን ያለ ጥርጥር ያውቃል። ይህ መርፌ የሚመስለው ነገር የክንፉ 3ኛ፣ 4ኛና 5ኛ ዘንጎች ረዝመው የሠሩት የዘር ማስተላለፊያ ነው። አንስቲቱ ደግሞ ከዚያው ክንፍ አጠገብ፣ ሆዷ በሚያልቅበት ላይ፣ በቆዳዋ አልፎ የሚታይ ጠቆር ያለ ነጥብ አላት፤ ፅንሱ እየበሰለ ሲሄድ ነጥቡም እየሰፋና እየጠቆረ ይሄዳል። በሶርድቴይል ግን ጥቂት ትዕግሥት ያሻል፤ አንዳንዱ ተባዕት ዘግይቶ ስለሚጎለምስ ለወራት ሴት መስሎ ይኖርና፣ በኋላ ክንፉ ሲሾልና ጅራቱ ሰይፍ ሲያወጣ፣ ባለቤቱ «ሴቷ ወንድ ሆነችብኝ» እያለ ጎረቤት ይጠራል።

ፆታን በጊዜ መለየት ለምን እንዲህ እንደሚያስጨንቀን ልናገር። አንስቲቱ ጋፒ አንድ ጊዜ ከተባዕት ጋር ከተገናኘች፣ የተቀበለችውን ዘር በሆዷ አኑራ፣ ሌላ ተባዕት ሳታይ ለብዙ ወራት፣ በየ4 ሳምንቱ ገደማ ልትወልድ ትችላለች። እኔ ይህን የተማርሁት ከስሬ ነው፤ ከአንድ ነጋዴ «ወንድ ያላዩ» የተባሉ ሁለት አንስቶች ገዝቼ፣ ጅራቱ እንደ ፍም ከቀላው ተባዕቴ ጋር ለብቻቸው ካኖርሁ በኋላ ልጆቻቸውን በናፍቆት ሳሳድግ፣ የፊተኞቹም የኋለኞቹም ወንዶች ጅራተ አጭርና ጥቁር ነጠብጣብ ያለባቸው ሆነው፣ በነጋዴው ገንዳ ሲዋኝ ያየሁትን ያንን ተባዕት ቁርጥ መስለው አገኘኋቸው። ስለዚህ ከሱቅ የመጣች ጎልማሳ አንስት ሁሉ ፀንሳለች ብሎ መያዝ ነው። ዘሩን መምረጥ የሚፈልግ አርቢም ጫጩቶቹን 4 ሳምንት ሳይሞላቸው በዚያ ጠርሙስ አንድ በአንድ መርምሮ ይለያያቸው፤ ያጠራጠረውን ግን ከተባዕቶቹ ጋር ያድርገው፤ አንዲት አንስት በተባዕቶች መካከል ብትቀር የሚበላሸው የእርሷ ዘር ብቻ ሲሆን፣ አንድ ተባዕት በአንስቶች መካከል ቢሰወር ግን ሁሉንም ያስፀንሳልና።

የተባዕቱ ምርጫ ጥንቃቄ የሚሻው፣ የዴንማርኩ ሊቅ ዮሃንስ ሽሚት እ.ኤ.አ. በ1920 እንደ ገለጠው፣ በጋፒ ዘንድ ከአባት ወደ ወንድ ልጅ ብቻ የሚወርድ ጌጥ ስለሚገኝ ነው። እናት ምንም አታወርስም ማለት ግን አይደለም፤ ስለዚህ ገላዋ የቀጠነ ወይም አከርካሪዋ የጎበጠ አንስት ለዘር አትቀመጥ። ለ1 ተባዕት 2 ወይም 3 አንስቶች ይበቁታል፤ ከዚያ ካነሱ ቀኑን ሙሉ ሲያሳድዳቸው ዕረፍት ይነሣቸዋል።

ውሃው ከ24 እስከ 26 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ቢሞቅ መልካም ነው፤ የቧንቧ ውሃም ክሎሪኑ እንዲለቀው በሰፊ ዕቃ 24 ሰዓት አድሮ ይግባ፤ በየሳምንቱ ሩቡ ይለወጥ። እንደ አዲስ አበባ ባለ ደጋ ሌሊቱ ስለሚበርድ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ያስፈልጋል፤ መብራት በጠፋበት ሌሊት እኔ የገንዳውን ዙሪያ በጋቢ ጠቅልዬ፣ ለአየር መግቢያ ከላይ ገለጥ አድርጌ አሳድራለሁ፤ ቤተ ሰቡ ቢስቅም ዓሦቹ በሕይወት ያድራሉ።

የመውለጃዋ ቀን የቀረበ አንስት ሆዷ ክብነቱን ትቶ ወደ አራት ማዕዘን ያደላል፤ ከሌሎቹም ተለይታ ከገንዳው ጥግ ትቆማለች። ጫጩቱ ብዙ ጊዜ ራሱና ጅራቱ ተገጣጥመው እንደ ተጠቀለለ ክር ይወጣል፤ ወደ ታች ሲወርድ ይዘረጋል፤ ከወለሉ ጥቂት አርፎ፣ ድንገት ሽው ብሎ ወደ መሸሸጊያ ይሮጣል። ይህም ሩጫ ያለ ምክንያት አይደለም፤ እናቱ ራሷ ብታገኘው ትውጠዋለችና። ብዙ ሰው ለዚህ ሲል አንስቲቱን በጠባብ የመውለጃ ሳጥን ይዘጋባታል፤ እኔ ግን መጨነቋን አይቼ ትቼዋለሁ፤ ቅጠሉ ደቃቅ የሆነ የውሃ ተክል በገንዳው በብዛት ቢኖር፣ ከሚወለዱት ከ20 እስከ 60 ያህል ጫጩቶች የሚበቁት ያመልጣሉ። ምግባቸው በጣት የተፈጨ ደረቅ የዓሣ መኖ፣ አልፎ አልፎም የመርፌ ራስ የምታህል የተቀቀለ ዕንቁላል አስኳል፣ በቀን 3 ወይም 4 ጊዜ ነው፤ አስኳሉ ከበዛ ግን ውሃውን በአንድ ሌሊት ያገማዋል።

ከዚህ በኋላ አርቢውን የሚያስቸግረው መብዛታቸው ነው። የተረፈውን ለጎረቤትና ለዘመድ ልጆች በጠርሙስ ማደል፣ ወይም አንስቶቹን ከተባዕት ሳይገናኙ ለይቶ መውለዱን ማስቀረት ይቻላል፤ ወደ ወንዝ ወይም ወደ ሐይቅ ማፍሰስ ግን ፈጽሞ አይገባም። ጋፒ የወባ ትንኝን ዕጭ ይበላል ተብሎ በብዙ አገር ከተለቀቀ በኋላ የአገሬውን ዓሣ ዕንቁላልና ጫጩት ሲበላ ተገኝቷልና፣ በጣና ካልሆነ በቀር በዓለም የማይገኙ የባርበስ ወገኖች ባሉበት አገር፣ አንዲት የፀነሰች አንስት ከነባልዲው ውሃ ወደ ጅረት ብትደፋ፣ ተባዕት ባይከተላትም ልጆቿ ይበቃሉ።