የዓመቱ ምርመራና የመቶ ሰዓቱ ምርመራ

አንድ አውሮፕላን ለበረራ ብቁ ነው የሚባለው ሁለት ነገር ሲያሟላ ነው፦ ከጸደቀለት ንድፍ ጋር ሲስማማና ዛሬ ባለበት ይዞታ በደኅና መብረር ሲችል። ዝገትና ስንጥቅ ግን ቀስ በቀስ ይገባሉ። ሕግ ምርመራን ግዴታ ያደረገው ለዚህ ነው። እዚህ የምናየው በአሜሪካ ብዙ ተማሪ አብራሪ የሚጀምርበትን ሴስና 172ን የመሳሰሉ ትንንሽ አውሮፕላኖች የሚመሩበትን ደንብ፣ አንቀጽ 91.409ን ነው።

መሠረቱ የዓመቱ ምርመራ ነው። አውሮፕላኑ ባለፉት 12 ወራት ውስጥ ካልተመረመረ አይበርም። ወሩ የሚቆጠረው ሙሉውን ነው፤ ማርች 3 ቀን 2024 የተፈረመ ምርመራ እስከ ማርች 31 ቀን 2025 ያገለግላል። ኤፕሪል 1 ሲገባ ግን አብቅቷል። ወደ ጥገና ቦታ ለመውሰድ እንኳ ልዩ የበረራ ፈቃድ ያስፈልጋል።

በየመቶ የበረራ ሰዓት የሚደረገው ምርመራ ሁሉንም አይመለከትም። ሰው በክፍያ የሚያጓጉዝ፣ ወይም ራሱ በሚያቀርበው አውሮፕላን በክፍያ የሚያስተምር ሁሉ ይገደድበታል። ተማሪው በገዛ አውሮፕላኑ ቢማር ግን ግዴታው የለም። ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ስለሆነ ረጋ ብለን እንየው፦ ሕጉ ከመቶው በላይ እስከ 10 ሰዓት የሚፈቅደው ምርመራው ወደሚደረግበት ቦታ ለመድረስ ብቻ ነው፤ ለተጨማሪ ትምህርት አይደለም። የተጠቀሙበትም ከሚቀጥለው መቶ ላይ ይቀነሳል። በ1,000 ሰዓት የተመረመረ አውሮፕላን በ1,106 ለምርመራ ቢደርስ፣ ቀጣዩ ምርመራ በ1,200 እንጂ በ1,206 አይሆንም።

የሁለቱ ምርመራዎች ዝርዝር አንድ ነው፤ የሚለዩት በፈራሚው ነው። የመቶ ሰዓቱን ፈቃድ ያለው የአካልና የሞተር ቴክኒሻን ይፈርማል፤ ለዓመቱ ግን ከዚያ በላይ የመርማሪነት ሥልጣን ያስፈልጋል። ስለዚህ የዓመቱ ምርመራ የመቶ ሰዓቱን ይተካል፤ የመቶ ሰዓቱ የዓመቱን አይተካም።

ከዚህ ሌላ ለራዳር ምላሽ የሚሰጠው ትራንስፖንደር በየ24 ወሩ፣ የአደጋ ጊዜ ምልክት አስተላላፊው ሬዲዮ በየ12 ወሩ ይፈተሻሉ። የአቪዬሽን ባለሥልጣኑ በአንድ ዓይነት አውሮፕላን ላይ ጉድለት አግኝቶ የግዴታ መመሪያ ካወጣም በተባለው ጊዜ መፈጸም አለበት። ትናንት የተፈረመ የዓመት ምርመራ ያልተፈጸመን መመሪያ አይሸፍንም።

ኃላፊነቱስ የማን ነው? ቴክኒሻኑ ለሠራው ሥራ ይጠየቃል፤ አውሮፕላኑን ብቁ አድርጎ የመያዝ ዋናው ግዴታ ግን በአንቀጽ 91.403 የባለቤቱ ወይም የአንቀሳቃሹ ነው። ከመነሣቱ በፊት ለበረራ ደኅና መሆኑን የሚወስነው ደግሞ አዛዥ አብራሪው ነው። እናንተ የምትከራዩ ተማሪዎች፣ የጥገና መዝገቡን አሳዩኝ በሉ፤ የመጨረሻዎቹን ፊርማዎች ቀንና ሰዓት በዓይናችሁ እዩ። መዝገቡን ሊያሳይ ከማይፈቅድ ትምህርት ቤት አውሮፕላን አትከራዩ።