ፋየርፍላይን በማስመሪያ መመርመር

መርከብ የሌለው የመርከብ አውሮፕላን

እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ የኢትዮጵያ አየር ኃይል ከመርከብ ላይ እንዲነሳና መርከብ ላይ እንዲያርፍ የተሠራ አውሮፕላን ነበረው። ስሙ ፌይሪ ፋየርፍላይ ይባላል። አገራችን አውሮፕላን ተሸካሚ መርከብ ኖሯት አያውቅም፤ የአየር ኃይሉም ዋና ሰፈር ደብረ ዘይት፣ ሐረር ሜዳ ነበር። እንግሊዞች ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተረፋቸውን ሲሸጡ ግን ገዛን፤ እ.ኤ.አ. በ1954 ደግሞ ካናዳ ከባሕር ኃይሏ ያወጣቻቸውን ሸጠችልን።

ፋየርፍላይ ሁለት ሰው ይይዛል፤ አብራሪው ከፊት፣ ቃኚው ከኋላ። ቅኝትም ውጊያም እንዲችል ታስቦ የተሠራ ነው። እየተሻሻለ ሲሄድ ሰርጓጅ መርከብ ማደን ዋና ሥራው ሆነ። ስለዚህ የጥንት የባሕር ቅኝት አውሮፕላኖችን ሞዴል ስንመረምር ለኢትዮጵያዊ ተማሪ ከዚህ የቀረበ ምሳሌ የለም።

«ከእኛ ከምዕራብ ሸዋ ጋር ምን አገናኘው?» ለሚል፦ ለአምቦ ሰው ከሚቀርቡት ትልልቅ ውኃዎች አንዱ የደንዲ ሐይቅ መሆኑ እውነት ነው። የአየር ኃይሉን ታሪክ ግን ባዳ አናደርገውም። እ.ኤ.አ. በ1935 በቪኪንግ ታም የሚመሩ ስዊድናውያን መኮንኖች ከእኛ በማይርቀው ሆለታ ገነት ላይ የጦር ትምህርት ቤት ከፍተው ነበር፤ ከጦርነቱ በኋላም አየር ኃይሉን ያደራጀው ሌላ ስዊድናዊ፣ ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን ነው። በመሐሉ፣ በሰኔ 1928 ዓ.ም.፣ የሆለታ ምሩቃን የነበሩበት የጥቁር አንበሳ የአርበኞች ጦር ነቀምቴ አጠገብ ቦነያ ላይ ያረፉ ሦስት የጣሊያን አውሮፕላኖችን አቃጥሏል። ይኸኛው ራሱን የቻለ ትምህርት ይወጣዋል፤ ለጊዜው እንለፈው።

ስኬል ማለት ማካፈል ነው

ተገጣጣሚ የፕላስቲክ ሞዴል ሣጥኑ ላይ 1/72 ወይም 1/48 የሚል ጽሑፍ ይኖረዋል። ቁጥሮቹ የመጡት ከእንግሊዞች ልኬት ነው፤ በ1/72 አንድ ኢንች ስድስት ጫማን ይወክላል። ለእኛ ሥራው ማካፈል ብቻ ነው።

የመጀመሪያው የፋየርፍላይ ዓይነት፣ የማርክ 1፣ ክንፍ ከጫፍ እስከ ጫፍ 13.56 ሜትር፣ ቁመቱ ከአፍንጫ እስከ ጅራት 11.46 ሜትር ነው። ለ72 ስናካፍል ክንፉ 18.8 ሴንቲ ሜትር፣ ቁመቱ 15.9 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ለ48 ስናካፍል ክንፉ 28.3 ሴንቲ ሜትር ይመጣል፤ የተማሪ ባለ 30 ማስመሪያ በቂው ነው። ሞዴል የደረሰው ሰው (አብዛኛውን ጊዜ ውጭ ያለ ዘመድ የላከው ነው) ኮላውን ከመክፈቱ በፊት ሁለቱን የክንፍ ቁራጮች ገጥሞ ይለካ። እኔ ከመቶ አንድ ድረስ ይቅር እላለሁ፤ በ1/72 ሁለት ሚሊ ሜትር ገደማ ማለት ነው። ከዚያ ካለፈ ንድፉ ራሱ የተሳሳተ ነው፣ ወይም የያዝነው ሌላ ዓይነት ፋየርፍላይ ነው። ሁለተኛው በጣም የተለመደ ነው።

የትኛው ፋየርፍላይ?

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ሞዴል አምራቹ ኤርፍክስ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በ1/72 ያወጣው ሞዴል ማርክ 5 ነው። ኢትዮጵያ ያበረረችው ደግሞ ማርክ 1ን ነው። የኢትዮጵያን ዓርማ በማርክ 5 ላይ የለጠፈ ሰው ቀለሙን የቱንም ያህል ቢያሳምረው አውሮፕላኑ የእኛ አይሆንም።

ልዩነቱን በዓይን ማየት ይቻላል። ማርክ 1 ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው ራዲያተር ከአፍንጫው ሥር እንደ ጺም ተንጠልጥሏል፤ ፕሮፔለሩ ባለ ሦስት ምላጭ፣ የክንፉ ጫፍ ክብ ነው። ከማርክ 4 ጀምሮ ራዲያተሩ ተከፍሎ ወደ ክንፉ የፊት ጠርዝ ሄደ፤ አፍንጫው ሾለ፤ ፕሮፔለሩ ባለ አራት ምላጭ ሆነ፤ የክንፉም ጫፍ ተቆርጦ ስፋቱ 12.55 ሜትር ላይ ቆመ። በ1/72 ልዩነቱ 14 ሚሊ ሜትር ነው። ጺም ሠርቶ ከሥር መለጠፍ አይፈታውም፤ ክንፉም ጅራቱም መለወጥ አለባቸው።

ጺሙን ብቻ አይቶ መፍረድም ያሳስታል። ሰርጓጅ ለማደን የተሠራው ማርክ 7 ጺሙንም ረጅሙን ክንፍ መልሶ አምጥቷል፤ ግን ጅራቱ ትልቅ ነው፤ የኋላው መስታወትም ያበጠ ነው። ስለዚህ ቢያንስ ሦስት ምልክት አብራችሁ ተመልከቱ። በ1/48 የቼኩ አምራች ስፔሻል ሆቢ ማርክ 1ን ስላወጣ ለኢትዮጵያው አውሮፕላን መነሻ የሚሆነው ያ ነው።

ቀጭኗ መስመር ስንት ትሆናለች?

አሁን ወደ ኋላ እናባዛ። ሞዴሉ ላይ ቆርቆሮዎቹ የሚገናኙበት መስመር 0.2 ሚሊ ሜትር ቢሰፋ፣ በእውነተኛው አውሮፕላን ላይ 14.4 ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ የጣት ጫፍ የሚያስገባ ክፍተት ማለት ነው። እንዲህ ያለ አውሮፕላን ማን ይሳፈራል? በቆዩ ሞዴሎች ላይ ጎልቶ የሚታየው ግማሽ ሚሊ ሜትር ሪቬት (የቆርቆሮ ማያያዣ ሚስማር) ሲባዛ 36 ሚሊ ሜትር ይሆናል።

በስሌቱ ከሄድን መስመሩን ፈጽሞ ማጥፋት ነበረብን። እዚህ ላይ ግን ከስሌቱ ጎን አልቆምም፤ ምንም መስመር የሌለው ሞዴል የሳሙና ቅርጽ ይመስላል። ቀጭን መስመር ይኑር፤ በጥቁር ቀለም መሙላቱ ግን ይቅር።

አካላቸው በጨርቅ ስለሚሸፈን አውሮፕላኖችም ያው ነው። እ.ኤ.አ. በግንቦት 1944 ዌሊንግተን የሚባሉት የእንግሊዝ ቅኝት አውሮፕላኖች ዩ-852 የተባለውን የጀርመን ሰርጓጅ አሳድደው በሶማሊያ ጠረፍ አቆሰሉት፤ መርከበኞቹ ወደ ዳር አስጠግተው ራሳቸው አፈነዱት። የዌሊንግተን አካል እንደ ወንፊት የተሰናሰለ የብረት መረብ ሆኖ በላዩ ጨርቅ የተወጠረበት ነው። አንዳንድ አምራቾች መረቡን ለማሳየት ሲሉ ጨርቁን የረሃብ ጎድን ያስመስሉታል። በመረቡ መሐል ጨርቁ 5 ሚሊ ሜትር ረግቧል ብንል እንኳ በ1/72 የሚደርሰን 0.07 ሚሊ ሜትር ነው፤ ከደብተር ወረቀት ውፍረት ያንሳል።

ጥቁርና ነጭ ፎቶ

ልኩ ከተስተካከለ በኋላ ቀለም ይመጣል። አረንጓዴና ቀይ በጥቁርና ነጭ ፎቶ ላይ ተመሳሳይ ግራጫ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ለቀይ ብርሃን ዕውር በሆነው በጥንቱ ፊልም ደግሞ ቀይ ወደ ጥቁር፣ ቢጫም ወደ ጠቆር ያለ ግራጫ ይሄዳል። ስለዚህ የአንድ ክብ ዓርማ ቀለበቶችን ቅደም ተከተል ከአንድ ፎቶ ብቻ አትወስኑ።

ዓመቱም ይጠየቃል። ፒፒ462 የተሰኘው ፋየርፍላይ ለካናዳ ባሕር ኃይል ሠርቶ፣ ለኢትዮጵያ ተሸጦ፣ በኋላ ወደ ካናዳ ተመልሶ በሺርዋተር አቪዬሽን ሙዚየም ይገኛል። አንድ አካል ነው፤ ግን እ.ኤ.አ. የ1950ው ሞዴልና የ1955ቱ ሞዴል ቀለማቸው፣ ጽሑፋቸው፣ ምናልባትም ከጅራቱ ሥር ያለው የመርከብ ማረፊያ መንጠቆ ሊለያይ ይችላል። መንጠቆውን ለመሥራት ወይም ለመተው የሚያስችለን ማስረጃ ከደብረ ዘይት የተነሳ፣ ጅራቱን ከጎን የሚያሳይ ፎቶ ነው። የካናዳ ፎቶ ስለ ካናዳ ይመሰክራል።

በግቢያችን የሚሠራ ልምምድ

ፕላስቲኩ ባይኖርም ሥራው አይቀርም። አራት አራት ሆናችሁ ኖራ፣ ሲባጎና ረጅም ሜትር ይዛችሁ ኳስ ሜዳው ላይ 11.46 ሜትር መስመር አስምሩ፤ 13.56 ሜትር የሆነውን ክንፍ ደግሞ በመሐሉ ሳይሆን ከመሐሉ ወደ አፍንጫው ቀረብ አድርጋችሁ አሳልፉት። በመቀጠል ያንኑ በ1/72 ካርቶን ላይ ንደፉና ቁረጡ። ከጊንጪም ከጉደርም የምትመጡ፣ የቤታችሁን ግቢ ለክታችሁ አውሮፕላኑ ያርፍበት እንደሆነ ማስላት ትችላላችሁ፤ ማረፍ ስል ቆሞ ማደር ማለቴ ነው።

የመጨረሻው ጥያቄ ስለ መታጠፍ ነው። መርከብ ላይ ቦታ ስለሚጠብ የፋየርፍላይ ክንፎች ዞረው ወደ ኋላ ከጎኑ ጋር ይተኛሉ፤ ያኔ ስፋቱ ወደ 4 ሜትር ይወርዳል። የትምህርት ቤቱን በር ለኩና ክንፉን አጥፎ ይገባ እንደሆነ፣ በ1/48ም በሩ ስንት ሴንቲ ሜትር እንደሚሆን ጽፋችሁ አምጡ።