ምዕራፍ 7፦ ይነፋል እንጂ አያሞቅም

ታኅሣሥ ላይ በማለዳ ከደብረ ብርሃን ወደ አንኮበር የተነሳ መንገደኛ ስለ ውርጭ ነጋሪ አያሻውም። ሜዳው አመዳይ ለብሶ ያድራል፤ የመኪናው መስታወት በተሳፋሪው ትንፋሽ ይጋረዳል። ሾፌሩ በአንድ እጁ መሪ፣ በሌላው ጨርቅ ይዞ ይጠርጋል። ከኋላው ጋቢ የደረቡ አዛውንት፣ «ልጄ፣ ይሄ መኪና ማሞቂያ የለውም እንዴ?» ይላሉ።

«አለው አባባ። ይነፋል እንጂ አያሞቅም።»

ጨዋታው እዚህ ላይ ያበቃል፤ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነው መንገድም በብርድ ይገፋል። ሾፌሩ ነገሩን የምቾት ጉዳይ አድርጎ ትቶታል። ይህ ምዕራፍ ግን የሾፌሩ መልስ የሞተር በሽታ ምልክት ሊሆን እንደሚችል ያሳያል። ለምርመራው ብዙውን ጊዜ ዓይንና እጅ ይበቃሉ።

ሙቀቱ ከየት ይመጣል?

በቤንዚንም ሆነ በናፍጣ የሚሠራ መኪና ማሞቂያ ሙቀት አይፈጥርም፤ ከሞተሩ የሚመጸወት ነው። ሞተር ከሚያቃጥለው ነዳጅ የሚበልጠው ድርሻ መኪናውን አያስኬድም፤ ሙቀት ሆኖ ይባክናል። በሞተሩ ዙሪያ የሚዘዋወረው ውሃ ያንን ሙቀት እየለቀመ ፊት ለፊት ወዳለው ትልቁ ራዲያተር ይወስደዋል። ከውሃው ጥቂቱ ደግሞ በሁለት ቀጫጭን የጎማ ቱቦዎች ከክሩስኮቱ ጀርባ ወደተደበቀች ትንሽ ራዲያተር ይሄዳል። ማራገቢያው አየሩን በእሷ ላይ ያሳልፋል፤ እግራችንን የሚያሞቀን ይህ ነው።

እንግዲህ ትንሿ ራዲያተር ስትቀዘቅዝ የሚጠየቁት ሁለት ናቸው፦ ሰጪው ሞተርና ስጦታውን የሚያደርሰው መንገድ።

ምርመራው ከሚረክሰው ይጀምራል

አንደኛ፦ አየሩ ይነፋል? ጨርሶ ካልነፋ መጀመሪያ ፊውዙን ይዩ። በዝቅተኛው ፍጥነት ዝም ብሎ በትልቁ ብቻ የሚነፋ ከሆነ ማራገቢያው ደህና ነው፤ የተቃጠለው ብዙውን ጊዜ ፍጥነቱን የሚከፋፍለው ሬዚስተር ነው። «ማራገቢያው ይለወጥ» የሚልዎትን ሰው ረጋ ብለው ይስሙት።

ሁለተኛ፦ የሙቀት መርፌው የት ነው? ሃያ ደቂቃ ተነድቶም መርፌው ከታች ካልተነሳ ተርሞስታቱን ይጠርጥሩ። ተርሞስታት ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃውን ወደ ትልቁ ራዲያተር እንዳያልፍ የሚዘጋ በር ነው፤ በብዙ መኪና ከ82 እስከ 88 ዲግሪ ላይ መከፈት ይጀምራል። ተከፍቶ ከቀረ ሞተሩ ሳይሞቅ ይውላል። በየጋራዡ ደግሞ ሌላ ልማድ አለ፤ ሞተር ሲግል ተርሞስታቱን አውጥቶ መጣል። ግለቱ ለጊዜው ይበርድ ይሆናል፤ የግለቱ ምክንያት ግን እዚያው ነው። ያልሞቀ ሞተር ነዳጅ ይበላል፣ ቶሎ ያልቃል፣ ለተሳፋሪውም የሚተርፈው ሙቀት የለውም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ማለት ይህ ነው።

ሦስተኛ፦ ውሃው ሙሉ ነው? ይህ የሚታየው ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ከቀዘቀዘ በኋላ ብቻ ነው፤ የጋለ ራዲያተር ክዳን የከፈተ ሰው ፊቱን ይቃጠላል። ውሃ ሲጎድል በአንዳንድ መኪና መጀመሪያ የሚራበው ማሞቂያው ነው። ሞልተውት ከጎደለ የት እንደሄደ ይፈልጉ። በተሳፋሪው እግር በኩል ምንጣፉ ከራሰ፣ ጣፋጭ ሽታም ከሸተተ የምታፈሰው ትንሿ ራዲያተር ናት።

አራተኛ፦ ሁለቱን ቱቦዎች ይዳስሱ። ሞተሩ በደንብ ከሞቀ በኋላ ያጥፉት፤ ኮፈኑን ከፍተው ወደ ተሳፋሪው ክፍል የሚገቡትን ሁለት ቱቦዎች በወፍራም ጨርቅ ነካ ያድርጉ።

ሁለቱም ከጋሉ ሙቀቱ ደርሷል፤ ችግሩ ሞቃቱንና ቀዝቃዛውን አየር የሚያማርጠው መዝጊያ ወይም እሱን የሚስበው ሽቦ ላይ ነው።

አንዱ ግሎ ሌላው ከቀዘቀዘ ትንሿ ራዲያተር በዝገትና በደለል ተደፍናለች፣ ወይም የውሃው መዝጊያ አልተከፈተም። ለዓመታት የቧንቧ ውሃ ብቻ ሲጠጣ የኖረ መኪና ዕጣው ይህ ነው።

ሞተሩ ሞቆ ሁለቱም ከቀዘቀዙ ውሃው አልደረሰም። አየር ታምቆ ይሆናል፤ መካኒኩ ያስተነፍሰው። ወደ ተሳፋሪው ክፍል የሚገባ ቱቦ ከሌለ ደግሞ ቀድሞ ያፈሰሰችውን ትንሽ ራዲያተር ለመሸሽ አንድ ሰው ቱቦዎቹን ነቅሎ እርስ በርስ አጋጥሟቸዋል። ያገለገለ መኪና ሲገዙ ይህን ማየት አይርሱ።

ደጋው የራሱን ይጨምራል

ከፍታ ሲጨምር ውሃ ቶሎ ይፈላል። በባሕር ጠረፍ በ100 ዲግሪ የሚፈላው ውሃ ከ2,800 ሜትር በላይ ባለችው ደብረ ብርሃን በ90 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ሞተሩን የሚያድነው የራዲያተሩ ክዳን ነው፤ ግፊት አምቆ መፍያውን ከፍ ያደርገዋል። የክዳኑ ጎማ ካለቀ ተርሞስታቱ በሚከፈትበትና ውሃው በሚፈላበት መካከል የሚቀረው ጥቂት ዲግሪ ነው። ቆላ ላይ ያልተሰማ ጉድለት ደጋ ላይ የሚታየው ለዚህ ነው። ክዳን ሲለውጡ ለመኪናዎ የተወሰነው ግፊት የተጻፈበትን ይግዙ።

ሌሊቱ ደግሞ በተቃራኒው ይመጣል። ውሃ ሲበርድና በረዶ ሲሆን 9 በመቶ ገደማ ያብጣል፤ ደጅ ያደረ መኪና ውስጥ ቱቦና ብረት ሊሰነጥቅ ይችላል። እኩል ለእኩል በውሃ የተበጠበጠ ኩላንት ከዜሮ በታች እስከ 35 ዲግሪ ድረስ በረዶ አይሆንም፤ ዝገትንም ይከላከላል።

ከሰል ወደ መኪና አይገባም

ማሞቂያው እምቢ ሲል፣ በተለይ መኪና ውስጥ ለማደር ያሰበ ሰው፣ የከሰል ምድጃ ያምረዋል። አያድርጉት። የፋመ ከሰል የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ አይሸትም፣ አይታይም፤ በደም ውስጥ የኦክስጅንን ቦታ ይይዛል። ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ከተሰማዎት በሩን ከፍተው ይውጡ። የተኛ ሰው ግን ምልክቱን ሳያውቀው ይሞታል። መስኮት ገርበብ ማድረግም አያስተማምንም። በዝግ ቦታ ሞተር አስነስቶ መተኛትም ያው ነው። ለማደሪያ የመንዝ ባና ይሻላል።

ውለታ የሚመለስበት ቀን

ማሞቂያን መጠገን ለብርድ ብቻ አይደለም። ጭነት ይዘው ከአልዩ አምባ ሽቅብ ወደ አንኮበር ሲወጡ መርፌው ወደ ቀዩ ቢጠጋ ማሞቂያውን እስከ መጨረሻው ይክፈቱ፣ ማራገቢያውን በትልቁ ያድርጉ፣ መስኮቱን ያውርዱ። ትንሿ ራዲያተር ከሞተሩ ሙቀት ቀንሳ ትወስዳለች፤ እርስዎ ቢያልብዎትም ሞተሩ ቆመው እስኪያበርዱት ፋታ ያገኛል። ሁልጊዜ የምትመጸወተው ያን ቀን ሰጪ ትሆናለች።

ቱቦዎቿ ተነቅለው እርስ በርስ በተጋጠሙበት መኪና ግን ያንን ዳገት የሚያግዝዎት የለም።