ሶብር ለክፉ ቀን የሚቀመጥ ስንቅ ነው

ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ (ሱ.ወ.) ይሁን፤ ሶላትና ሰላም በነቢያችን በሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በሶሐቦቻቸው ላይ ይውረድ።

ውድ አንባቢያን፦ ዛሬ በከተማ ከሚኖረው ሙስሊም አንደበት አዘውትሮ የሚሰማው ብሶት የልብ መድከም ነው። ኑሮ ተወደደ፣ ሥራ ጠፋ፣ ንግድ ቀዘቀዘ፣ ልጅ አልታዘዝ አለ ይባላል። ችግሩ እውነት ነው፤ ማንም ሊክደው አይችልም። ነገር ግን በአንድ ሰፈር፣ በአንድ ዓይነት ችግር ውስጥ ካሉ ሁለት ሰዎች አንዱ ሶላቱን ሳይለቅ፣ ቤቱን እየመራ፣ ጎረቤቱን እየጠየቀ ሲያልፍ፣ ሌላው በመጀመሪያው ግፊት ሲወድቅ እናያለን። ይህ ልዩነት ከየት መጣ? ብዙዎቻችን ሶብርን የምናስታውሰው ሙሲባ ከወረደ በኋላ ነው። ለቅሶ ቤት ገብተን «ሶብር አድርግ» እንላለን፤ የምንለው ሰው ግን ከየት አምጥቶ ሶብር እንደሚያደርግ አናስብም። ሶብር በችግር ቀን ከገበያ የሚገዛ ዕቃ አይደለም፤ በደህናው ቀን ተዘጋጅቶ የሚቀመጥ ስንቅ ነው።

ምሳሌውን ከወላይታ እንውሰድ። ከዳሞታ ተራራ ሥር የተቆረቆረችው ሶዶ ከተማ የአርባ ምንጭ፣ የሆሳዕናና የሻሸመኔ መንገዶች የሚገናኙባት፣ ነጋዴ የማይጠፋባት ከተማ ናት። ከከተማዋ ወጣ ሲሉ አገሩ አረንጓዴ ነው። ይሁን እንጂ የወላይታ ሕዝብ በ1977፣ በ1992 እና በ2000 ዓ.ም. ከባድ የምግብ እጥረት ደርሶበታል። ማሳው ለምልሞ እየታየ ሰው ስለተራበም «አረንጓዴ ረሃብ» የሚል ስም ወጣለት። ሕዝቡ ብዙ ነው፤ የእርሻ መሬቱም ጠባብ በመሆኑ ብዙው ገበሬ የሚያርሰው ከግማሽ ሄክታር ያነሰ ነው። የበልጉ ዝናብ ሲቀርና ስኳር ድንቹ ሲበላሽ፣ በጓሮው ሌላ ያስቀመጠው የሌለው ቤተሰብ ወዲያው ይጋለጣል።

በዚህ ጊዜ የእንሰት ጥቅም ጎልቶ ይታያል። እንሰት ዛሬ ተተክሎ ነገ አይበላም፤ ለመድረስ ዓመታት ይፈጃል። ከደረሰ በኋላ ተፍቆ፣ በቅጠሉ ተሸፍኖ በጉድጓድ ይቀበራል፤ በዚያም እየበሰለ ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት ይቆያል። ዝናብ በጠፋበት ዓመት ያ ቤተሰብ ጉድጓዱን ከፍቶ ቆጮውን ያወጣል። ጎረቤቱ በዚያን ዕለት እንሰት ልትከል ቢል የሚደርስለት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። የሰው ልብም እንደዚሁ ነው። ጉድጓዱ በደህናው ዘመን ካልተሞላ በክፉው ቀን ቢከፈት ባዶ ነው።

ቁርኣንም በሱረቱ ዩሱፍ ይህንኑ ያስተምረናል። ነቢዩ ዩሱፍ (ዐ.ሰ.) የንጉሡን ሕልም በፈቱ ጊዜ ሰባት የጥጋብ ዓመታት፣ ቀጥሎም ሰባት የችግር ዓመታት እንደሚመጡ ተናገሩ፤ በጥጋቡ ዘመን የታጨደው እህል ከሚበላው ጥቂት በቀር ከነዛላው እንዲቀመጥም መከሩ። ልብ በሉ፦ ይህን የመከሩት ራሳቸው በጉድጓድ ተጥለው፣ ተሸጠው፣ ያለ ጥፋታቸው ታስረው የቆዩ ነቢይ ናቸው። ያ ሁሉ ሲደርስባቸው ከልጅነታቸው ጀምሮ ከአባታቸው ቤት ይዘውት የወጡት ኢማን አልተለያቸውም።

ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) ከመቃብር አጠገብ የምታለቅስ አንዲት ሴት አግኝተው አላህን እንድትፈራና ሶብር እንድታደርግ እንደመከሯት ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበዋል። ሴትዮዋ ማን መሆናቸውን ስላላወቀች የእርሷ ሙሲባ ስላልደረሰባቸው እንዲተዋት መለሰችላቸው። በኋላ ማንነታቸው ሲነገራት ወደ ቤታቸው ሄደች፤ እርሳቸውም ሶብር ማለት በመጀመሪያው ምት ጊዜ የሚደረገው መሆኑን ነገሯት። የመጀመሪያው ምት ድንገተኛ ስለሆነ ለመዘጋጀት ፋታ አይሰጥም። በዚያች ሰዓት ከሰው የሚወጣው ቀድሞ በልቡ ያኖረው ብቻ ነው።

ከሙስሊም ሊቃውንትም በሂጅራ አቆጣጠር በ322 (በጎርጎርዮስ በ934) የሞቱት አቡ ዘይድ አል-በልኺ ስለ ሥጋና ስለ ነፍስ ጤንነት በጻፉት መጽሐፍ ይህንን ነገር በስፋት አብራርተዋል። ሰው ለድንገተኛ ሕመም መድኃኒት በቤቱ እንደሚያስቀምጥ ሁሉ፣ ልቡ በተረጋጋበት ጊዜም ለቁጣ፣ ለፍርሃትና ለሐዘን መልስ የሚሆኑ ጤናማ ሐሳቦችን አስቀድሞ እንዲያከማች መክረዋል። ይህ ከ1000 ዓመት በፊት የተጻፈ ምክር ዛሬ የአእምሮ ሐኪሞች ከሚሰጡት ምክር ጋር ይቀራረባል።

እንግዲህ ይህን ስንቅ በዕለት ኑሮአችን እንዴት እናዘጋጀው? አራት ነገሮችን እንመልከት።

አንደኛ፦ ኢባዳን በደህናው ቀን ማጽናት ነው። ሱብሒን በጤናው ጊዜ በወቅቱ ያልለመደ ሰው በጭንቀቱ ጊዜ ሱጁድ ይከብደዋል። የረመዳን ጾምም ልምምድ ነው፤ በየዓመቱ ለ29 ወይም ለ30 ቀናት ሳንገደድ ረሃብንና ጥማትን የምንችለው፣ ተገደን በምንችልበት ቀን ነፍሳችን እንዳትደነግጥ ጭምር ነው።

ሁለተኛ፦ ሐሳብን ማከማቸት ነው። ዱንያ የፈተና ቤት መሆኗን፣ ከችግር ጋር ገርነት መኖሩን፣ ያለፉት ነቢያት ከኛ የበለጠ መፈተናቸውን በሰላሙ ጊዜ ደጋግሞ ማሰብ ይገባል። ልጆችንም እንደ አቅማቸው ትንሽ ኃላፊነት እንዲሸከሙ፣ የጠየቁት ሁሉ ወዲያው እንደማይገኝ እንዲያውቁ ማሳደግ ነው።

ሦስተኛ፦ ተወኩልን ከጥንቃቄ ጋር ማስኬድ ነው። ለሠርግና ለዒድ ከአቅም በላይ ተበድሮ መደገስ ጉድጓዱን አስቀድሞ ማራቆት ነው። ትንሽም ብትሆን ከየወሩ ገቢ ማስቀረት የዩሱፍን (ዐ.ሰ.) ምክር መከተል ነው።

አራተኛ፦ ሰውን ማከማቸት ነው። በደህናው ቀን የጀመዓን ሶላት ያላዘወተረ፣ የታመመ ያልጠየቀ፣ ጀናዛ ያልሸኘ ሰው በክፉው ቀን ብቻውን ይቆማል። እንደ ወላይታ ሙስሊሙ በቁጥር አነስተኛ በሆነበት አካባቢ ደግሞ ይህ ዝምድና ከክርስቲያን ጎረቤት ጋርም ሊጠበቅ ይገባል። ጎረቤት በእስልምና ሐቅ አለው።

እዚህ ላይ ሦስት ስሕተቶችን ማረም ያስፈልጋል።

የመጀመሪያው ሶብርን ዝም ከማለት ጋር ማምታታት ነው። በ2016 ዓ.ም. በወላይታ ዞን የመምህራንና የሌሎች የመንግሥት ሠራተኞች ደመወዝ መዘግየቱ በስፋት ተዘግቧል። ደመወዙ ለዘገየበት ሰው «ሶብር አድርግ» ብሎ ማለፍ ቀላል ነው። ነገር ግን የላብን ዋጋ በሕጋዊ መንገድ መጠየቅ ከሶብር ጋር አይጋጭም፤ የሠራተኛን ዋጋ ማዘግየትም ሃይማኖታችን የሚያወግዘው ነው። ሶብር የሚፈለገው ከባለ ደመወዙ ብቻም አይደለም። በዱቤ እህልና ዘይት የሰጠው ባለ ሱቅም ይፈተናል። በሱረቱል በቀራ የተቸገረ ባለዕዳ እስኪያገኝ ድረስ እንዲቆይለት ታዟል፤ ዕዳውን መማር ደግሞ ከዚያ የበለጠ ነው። የአንዱ መጽናት በሌላው መታገሥ ይደገፋል። ዘካ የሚገባው ሀብታም ዘካውን ይዞ ድሃውን ሶብር ቢያስተምር ግን ትምህርቱ ራሱን ይከሰዋል።

ሁለተኛው ስሕተት ማልቀስን የኢማን ድክመት ማድረግ ነው። ነቢዩ ያዕቆብ (ዐ.ሰ.) በልጃቸው ሐዘን ዓይናቸው እስኪነጣ አዝነዋል፤ ስሞታቸውን ግን ያቀረቡት ለአላህ ነበር። ነቢያችንም (ሰ.ዐ.ወ.) ልጃቸው ኢብራሂም ሲሞት እንባቸው ፈሷል። የተከለከለው ፊትን መደብደብ፣ ልብስን መቅደድና በአላህ ውሳኔ ላይ ማማረር ነው።

ሦስተኛው ስሕተት በሽታን የሶብር ማነስ ብሎ መፍረድ ነው። አል-በልኺ ምክንያቱ የሚታወቅ ሐዘንን ምክንያቱ ከማይታወቅ ሐዘን ለይተው፣ የኋለኛው ከሰውነት የሚመነጭና ሕክምና የሚሻ መሆኑን ጽፈዋል። እንቅልፍና የምግብ ፍላጎት ለሳምንታት የጠፋበት፣ ከሰው የራቀ፣ ሕይወቱን የጠላ ወንድም ወይም እህት ቢኖረን «ኢማንህ ደከመ» ብለን ቁስሉን አናስፋ። ዱዓ እናድርግለት፤ አብረነውም ወደ ሐኪም እንሂድ። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) መታከምን አዝዘዋል።

ወደ ጓሮው ስንመለስ አንድ የቀረ ትምህርት አለ። እንሰትን የሚያጠፋ አጠውልግ የሚባል በሽታ አለ። ከታመመው ተክል ወደ ደህናው ከሚያሻግሩት ነገሮች አንዱ ሳይጸዳ የሚዞር ቢላዋ ነው። በሰው መካከል ይህን ሥራ የሚሠራው ምላስ ነው። «አለቀልን፣ ከእንግዲህ አይሆንም» የሚል ወሬ ከቤት ወደ ቤት፣ ዛሬ ደግሞ ከስልክ ወደ ስልክ ሲዞር ደህናውን ልብ ሁሉ ያጠወልጋል። ስለዚህ ተስፋ የሚያስቆርጠውን ወሬ ከማቀበላችን በፊት ምላሳችንን እናጽዳ።

ውድ አንባቢ ሆይ፦ ዛሬ ጤና ከሆንክ፣ ቤትህም ሰላም ከሆነ፣ ይህ ቀን የመትከያህ ቀን ነው። ነገ የሚመጣውን የሚያውቀው አላህ ብቻ ነው፤ ለነገ ማስቀመጥ ግን የኛ ድርሻ ነው። አላህ (ሱ.ወ.) ከታጋሾቹ ያድርገን። አሚን። ወሏሁ አዕለም።