ሰው በዕውቀቱ መጠን ይለካልን?

ስለ ሳይንስ ልብ ወለድ ሲኒማ ለወጣቶችና ለወላጆች የቀረበ ትምህርት

ከአራት ኪሎ ተነሥቶ ወደ ስድስት ኪሎ የሚወጣ መንገደኛ በመካከሉ አምስት ኪሎን ያገኛል። በዚህች አጭር መንገድ ሦስት ቦታዎች ተቀራርበው ይታያሉ። እነርሱም ጸሎትና ቅዳሴ የሚደርስባት የቅድስት ማርያም ቤተ ክርስቲያን፣ ወጣቶች ስለ ሕንፃና ስለ ኤሌክትሪክ፣ ስለ ኮምፒዩተርም የሚማሩበት የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት፣ እንዲሁም የድንቅነሽ ዐፅም የሚጠበቅበት ብሔራዊ ሙዚየም ናቸው። አንደኛዋ ሰው ወዴት እንደሚሄድ፣ ሁለተኛው ሰው ምን ሊሠራ እንደሚችል፣ ሦስተኛው የጥንቱ ዘመን ምን እንደሚመስል ይነግሩናል። ሦስቱንም የሚያገናኝ አንድ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም «ሰው ማን ነው?» የሚለው ነው።

ይህን ጥያቄ ዛሬ ለብዙ ወጣቶች የሚያቀርብላቸው ሲኒማ ሆኗል። በተለይም የሳይንስ ልብ ወለድ የሚባለው የሲኒማ ዓይነት ገና ያልተሠራውን መሣሪያ እንደ ተሠራ፣ ገና ያልደረሰውን ዘመን እንደ ደረሰ አድርጎ እያሳየ፣ «እንዲህ ቢሆን ኖሮ ሰው ምን ይሆን ነበር?» ብሎ ይጠይቃል። ጥያቄው መልካም ነው። መልሱ ግን ሁልጊዜ መልካም ላይሆን ይችላልና መመርመር ይገባል።

፩፤ ነገሩ ከምን እንደ ተነሣ

ከጥቂት ጊዜ በፊት፣ ቀድሞ ዳዊት ያስደገምነው ዛሬ ግን የምሕንድስና ተማሪ የሆነ አንድ ወጣት ከሠርክ ጸሎት በኋላ ወደ እኛ መጣ። ፊቱ ጠቁሯል። ስለ ጤናው ጠየቅነው፤ ደኅና ነኝ አለና ጥቂት ዝም ብሎ ቆይቶ እንዲህ ሲል ነገረን።

«የኔታ፣ ያሳደገችኝ አያቴ አእምሮዋ ደክሟል። ስሜን አታውቀውም፤ በሞተው በአጎቴ ስም ትጠራኛለች። ሄጄ ካየኋት ሦስት ወር ሆነኝ። በቅርቡ ደግሞ አንድ ሲኒማ አየሁና አሳቤን አጸናው። ሰው ማለት አእምሮው ነው፤ አእምሮው ሲሰፋ ሰውየው ከፍ ይላል፣ ሲጠብም ዝቅ ይላል። የአያቴ አእምሮ ካለቀ እንግዲህ እርሷ የለችም ማለት ነው። የሌለችውን ሄጄ ብጠይቅ ለማን ይጠቅማል?»

እኛም ሲኒማውን ሳናይ መልስ ልንሰጠው አልወደድንም። በአዲስ አበባ መጀመሪያ የተከፈተውን የሲኒማ አዳራሽ ሕዝቡ «ሰይጣን ቤት» ብሎት እንደ ነበር የታወቀ ነው፤ በአብነት ትምህርት ቤት ያደግነው እኛም ከዚያ ስም ጥላ ፈጽመን አልወጣንም ነበር። ነገር ግን ያላዩትን ነገር መንቀፍ ምስክር ሳይሰሙ እንደ መፍረድ ነው። ስለዚህ ሲኒማውን በኮምፒዩተሩ ይዞልን መጣና ከቤታችን ተቀምጠን አብረን አየነው።

፪፤ ልብ ወለድን በሰሙና በወርቁ ስለ ማየት

ወደ ነገሩ ከመግባታችን በፊት አንድ ነገር እናስታውስ። ድንቅ ታሪክን መስማት ለአባቶቻችን እንግዳ አልነበረም። በግእዝ በተጻፈው በዜና እስክንድር ንጉሡ የሕይወትን ውሃ ፍለጋ ሰው ወዳልደረሰበት አገር ይጓዛል። ፊሳልጎስ የተባለውም መጽሐፍ ስለ አራዊትና ስለ አዕዋፍ ብዙ ድንቅ ይናገራል፤ ዛሬ የእንስሳትን ጠባይ የሚያጠና ሰው ከዚያ ውስጥ ብዙውን አይቀበለውም። ይሁን እንጂ መጽሐፉ የተነበበው ስለ ወፏ ሳይሆን በወፏ አምሳል ስለሚሰጠው ምክር ነው።

እንግዲህ የቅኔ ተማሪ ሰሙን ከወርቁ እንደሚለይ ሲኒማ ተመልካችም መለየት ይገባዋል። ሰሙ ሐሰት ሆኖ ወርቁ እውነት የሚሆንበት ጊዜ አለ። ሰሙ ውብ ሆኖ በውስጡ ወርቅ የማይገኝበትም ጊዜ አለ። ከሁሉ የሚከፋው ግን ሰሙን ወርቅ ነው ብሎ ይዞ መሄድ ነው፤ በወጣቱም ላይ የደረሰው ይኸው ነበር።

፫፤ «ሉሲ» ስለ ተባለው ሲኒማ

ወጣቱ ያየው ሲኒማ ፈረንሳዊው ሉክ ቤሶን አዘጋጅቶት በ2006 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2014) የወጣው «ሉሲ» ነው። ታሪኩ እንዲህ ነው። በታይዋን የምትኖር ሉሲ የተባለች ወጣት በወንበዴዎች እጅ ትወድቃለች፤ እነርሱም አንድ አደገኛ መድኃኒት በከረጢት አድርገው በሆዷ ውስጥ ቀብረው እንድታሻግርላቸው ያስገድዷታል። በመመታቷ ከረጢቱ ተቀድዶ መድኃኒቱ ወደ ደሟ ሲገባ፣ ሰው ከአንጎሉ የሚጠቀምበት 10 በመቶውን ብቻ ነው በሚል አሳብ፣ የእርሷ ወደ 20፣ ወደ 40፣ በመጨረሻም ወደ 100 በመቶ ይወጣል። ቋንቋ በአንድ ሰዓት ትማራለች፤ ግዑዙን ነገር በአሳቧ ታንቀሳቅሳለች፤ በጊዜ ውስጥ ወደ ኋላ ተጉዛም የጥንቷን ሉሲን፣ ማለት የእኛን ድንቅነሽን፣ አግኝታ ጣት ለጣት ትነካካለች። በፍጻሜውም ከዓይን ተሰውራ በሁሉ ቦታ ያለች ሆና ትቀራለች።

በመጀመሪያ ሰሙን እንመርምር። የ10 በመቶው ነገር እውነት አይደለም። የሰው አንጎል ከሰውነቱ ክብደት 2 በመቶ ያህል ብቻ ሆኖ ሳለ፣ ሰውነት ከሚጠቀምበት ኃይል ወደ 20 በመቶ የሚሆነውን ይወስዳል፤ ሰው ተኝቶ ሳለ እንኳ ሥራ አይፈታም። በመሣሪያ የመረመሩት ሐኪሞች ሥራ ፈትቶ የተቀመጠ ዘጠኝ እጅ አላገኙም። ስለዚህ በእያንዳንዳችን ውስጥ ተቆልፎ የተቀመጠ የመለኮትነት ጎተራ አለ ማለት ተረት ነው።

ከድንቅነሽም የምንማረው ነገር ከዚህ የተለየ ነው። ዐፅሟ ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም. በአፋር ምድር ሐዳር በተባለ ስፍራ በዶናልድ ጆሃንሰንና በባልደረቦቹ ተገኘ፤ ከአንድ አካል ዐፅም 40 በመቶ ያህሉ ነው። ሉሲ የሚለው ስም በሰፈሩ ይሰማ ከነበረው የቢትልስ ዘፈን የመጣ ሲሆን፣ በአገራችን ድንቅነሽ ተባለች። በሙዚየሙ ለጎብኚ የሚታየው ቅጂዋ ነው፤ ዋናው በጥንቃቄ ተቀምጧል። ተመራማሪዎቹ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ይሰጧታል፤ ስለ ዘመኑ ቁጥር የሚነሣውን ክርክር ለሌላ ጊዜ እናቆየዋለን። ለዛሬው ነገራችን የሚጠቅመው ይህ ነው፦ ሊቃውንቱን እጅግ ያስደነቃቸው አንጎሏ አልነበረም፤ የወገኖቿ አንጎል ከዛሬ ሰው አንጎል ሲሦ ያህል ነበርና። ያስደነቃቸው በሁለት እግሯ ቀጥ ብላ መሄዷ ነው። ሲኒማው አንጎልን የሁሉ ነገር መጀመሪያ ሲያደርግ፣ ስሟን የተዋሰላት ግን በዚህ ነገር አትመሰክርለትም።

አሁን ወደ ወርቁ እንምጣ። ይህን ሲኒማ ያዘጋጀው ሰው ያሰበውም ይሁን ያላሰበው፣ ታሪኩ በሁለት አፍ ይናገራል። አንድም፣ ዕውቀት ሲበዛ ሰው ይበልጣል ይላል። አንድም፣ ዕውቀት ብቻውን ሲበዛ ሰውነት ይጎድላል ይላል። ሉሲ ዕውቀቷ ማደግ ሲጀምር ቋንቋዋን ያልሰማላትን ባለ ታክሲ በጥይት ትመታለች፤ ወደ ሐኪም ቤት ገብታም በቀዶ ጥገና አልጋ ላይ የተኛውን በሽተኛ፣ ከእንግዲህ የሚድን አይደለም ብላ ትገድለዋለች። አንባቢ ሆይ፣ እዚህ ላይ ቆም በል። ብዙ ያወቀችው ሴት የማይጠቅመውን ሰው ከአልጋው አስወገደችው። ወጣቱም ከአያቱ ደጃፍ የቀረው በዚሁ ፍርድ ነው፤ ልዩነቱ እርሱ ጥይት አለመተኮሱ ብቻ ነው።

ይህን በነገርነው ጊዜ ራሱን አቀረቀረ። እኛም ልናሳፍረው አልነበረምና፣ ከዚያው ከሲኒማው ሌላውን ስፍራ አሳየነው። ሉሲ መድኃኒቱ ከሆዷ በሚወጣበት ሰዓት ለእናቷ ስልክ ደውላ፣ ሕፃን ሳለች የጠጣችው የጡት ወተት ጣዕም እንኳ ትዝ እንዳላት ትነግራታለች። ያ ሁሉ የዕውቀት ኃይል ተሰጥቷት መጀመሪያ የፈለገችው እናቷን ነው። በኋላም ሰውነቷ እየራቃት መሄዱን ዐውቃ፣ ማስታወሻ እንዲሆናት ብላ ከጎኗ ያለውን ፖሊስ ትስመዋለች። እንደዚሁ ያን ሁሉ ዕውቀት ምን ላድርገው ብላ ስትጠይቅ፣ በሞርጋን ፍሪማን የተመሰለው ሽማግሌ መምህር ለሌላ አስተላልፊው ይላታል። ይህንስ የኔታዎቻችን ከጥንት ጀምሮ ሲሠሩበት የኖሩት ነው።

፬፤ ስለ ሌሎች ሲኒማዎችና ስለ ሶፍያ

ሌሎችም ሲኒማዎች ይህንኑ መለኪያ ይመረምራሉ። በ1974 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1982) ሪድሊ ስኮት ያዘጋጀው «ብሌድ ራነር» ሰው የሚመስሉ ሠራሽ ፍጡራንን ከሰው ለመለየት የሚደረግ ፈተና ያሳያል። ፈተናው ስለ ሒሳብ ወይም ስለ ትዝታ ብዛት አይደለም፤ ለሌላው ፍጡር የማዘን ስሜት መኖሩን ለማወቅ ነው። በመጨረሻ ግን ሊገደል የታደነው ሠራሽ ፍጡር አዳኙን ከሞት ያተርፈዋል። በፈተናው ሰው የተባለው ሲገድል፣ ሰው አይደለም የተባለው ምሕረት አደረገ።

ከአገራችንም ምስክር አለ። ስፔናዊው ሚጌል ያንሶ በኢትዮጵያ በአማርኛ ያዘጋጀው፣ ዳንኤል ታደሰና ሰላም ተስፋዬ የተጫወቱበት «ክራምብስ» የተባለ ሲኒማ በ2007 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2015) ለዕይታ ቀርቧል። ዓለም ከጠፋ በኋላ የቀሩት ጥቂት ሰዎች የቀድሞውን ዘመን ታሪክ ረስተውታል፤ የፕላስቲክ አሻንጉሊትን እንደ ክቡር ዕቃ ይይዙታል፤ ምን እንደ ነበረ የሚያውቅ የለምና። ተመልካች በዚህ ይስቃል። ነገር ግን ትዝታው ሁሉ በፈረሰበት በዚያ ዓለም አንድ ወንድና አንዲት ሴት እርስ በርሳቸው ይተሳሰባሉ። ትዝታ ሲሰበር ፍቅር አብሮ አልተሰበረም።

በእኛ ዘመን ደግሞ ልብ ወለዱ ከሲኒማ ወጥቶ ወደ ደጃችን ደርሷል። ሶፍያ የተባለችው ሮቦት፣ ከሚያንቀሳቅሳት የኮምፒዩተር ሥራ ከፊሉ በአዲስ አበባ ባለው አይኮግ ላብስ የተሠራላት፣ በጥቅምት 2010 ዓ.ም. የሳዑዲ ዓረቢያን ዜግነት ተሰጣት፤ በዚያው ዓመት ፍጻሜ ገደማም ወደ ከተማችን መጥታ በጠቅላይ ሚኒስትሩ ፊት ቀረበች። የልጆቻችን እጅ ከዓለም ሥራ ጋር መቈጠሩ ያስደስታል። ነገር ግን መልስ ስለ ሰጠች ለግዑዝ ዕቃ ስምና ዜግነት የሚሰጥ ዘመን፣ መልስ መስጠት ስላቃታት ከአሮጊት ስሟን እንዳይነጥቅ መጠንቀቅ ይገባዋል።

፭፤ የሊቃውንት ትምህርት ስለ ሰው ባሕርይ

ሊቃውንቶቻችን ሰው የሰባት ባሕርያት አንድነት ነው ብለው ያስተምራሉ። አራቱ የሥጋ ሲሆኑ መሬት፣ ውሃ፣ ነፋስና እሳት ናቸው፤ ሦስቱ የነፍስ ናቸው። ነፍስ ለባዊት ናትና ታስባለች፤ ነባቢት ናትና ትናገራለች፤ ሕያዊት ናትና ትኖራለች። ሲኒማው ከሰባቱ አንዷን፣ ለባዊነትን ብቻ ነጥሎ ወሰደ፤ እርሷንም እንደ እህል በቁና ሰፈራት። ባሕርይ ግን አይሰፈርም። የበገና አውታር ቢላላ ድምፁ ይሰናከላል እንጂ ደርዳሪው ሞተ አይባልም።

ሐኪሞችም እንደሚያስረዱት በመርሳት በሽታ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚጠፋው የቅርቡ ትዝታ ነው፤ የቆየው ዘግይቶ ይሄዳል። ስለዚህ ወጣቱን «አጎትህ ለአያትህ ምኗ ነበር?» አልነው። «የበኩር ልጇ» አለን። «እንግዲህ ልጄ፣ የራቀህን ስም ብታጣ ከሁሉ የምትወደውን ስም ሰጠችህ እንጂ መች ከለከለችህ?» አልነው።

ደግሞም ትዝታ የአንድ ሰው ሀብት ብቻ አይደለም። በአብነት ትምህርት ቤት አንዱ ተማሪ ቀለሙ ቢጠፋበት ጓደኛው ያቀብለዋል፤ መምህሩ ዓይናቸው ቢፈዝ ደቀ መዝሙሩ ያነብላቸዋል። በተዝካርም ቀን እኛን መጥራት የማይችሉትን ስማቸውን እየጠራን እናስባቸዋለን። አያቱ ስሙን ከረሳች እርሱ የሁለቱንም ስም ሊይዝ ይገባዋል፤ ሕፃን ሳለ ስሙን የማያውቀውን እርሱን እርሷ እንደ ያዘችው ማለት ነው።

፮፤ ምክር

ወጣቶች ሆይ፣ እንዲህ ያለውን ሲኒማ ስታዩ ማን ከፍ እንዳለ ብቻ አትመልከቱ፤ እርሱ ከፍ ሲል ማን እንደ ተረገጠም ጠይቁ። ወላጆችም ከልጆቻችሁ ጋር ተቀምጣችሁ እዩ፤ መከልከል ቀላል ነው፣ አብሮ አይቶ መጠየቅ ግን ይበልጥ ያስተምራል። በቴክኖሎጂ ትምህርት ቤት ያላችሁም፣ ነገ ሰውን የሚመዝን መሣሪያ በምትሠሩበት ጊዜ፣ ሚዛኑ የማያነሣቸውን፣ አንደበታቸው የተሳሰረውንና ትዝታቸው የደከመውን አስቡ።

ያ ወጣት በሳምንቱ ተመልሶ መጣ። አያቱን እንዳያት፣ እርሷም እንደ ቀድሞው በአጎቱ ስም እንደ ጠራችው ነገረን። «ምን አልካት?» ብለን ብንጠይቀው፣ «አቤት አልኳት» አለን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።