ስለ ማሽላ መብልና ፔላግራ ስለሚባለው ደዌ

ክቡራን የአውራጃና የወረዳ ገዢዎች፥ ባለ መሬቶችም፤ በጎብዬና በቆቦ ሜዳ የሕዝቡ ዋና መብል ማሽላ መሆኑን ታውቃላችሁ። አቀንጭራን ከሚቋቋሙት የማሽላ ዘሮች አንዱ «ጎብዬ» ተብሎ ተሰይሟል፤ ስለ ማሽላ ምርምራቸውም ፕሮፌሰር ገቢሳ እጀታ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ተቀብለዋል። ይህ የሚያስመሰግን ነው። ነገር ግን ጎተራ ሞላ ማለት ሰውነት የሚሻውን አገኘ ማለት አይደለም።

የሰው ገላ ዓይን በማያያቸው ሕዋሳት የተሠራ ነው። በእነዚህ ውስጥ መብል ቀስ በቀስ ይነድዳል፤ የሚያነድዱትም ኤንዛይም የሚባሉ ሠራተኞች ናቸው። ከሠራተኞቹ ብዙዎቹ ያለ ረዳት አይሠሩም። ከረዳቶቹ ዋናው ኤን ኤ ዲ ይባላል፤ ግብሩም የጭነት አህያ ግብር ነው። ከመብሉ የወጣውን ሃይድሮጂን ተሸክሞ፥ በመጨረሻ ከኦክሲጅን ጋራ ወደሚገናኝበት ስፍራ ያራግፋል፤ ባዶውን ተመልሶ እንደገና ይጫናል። አህያ ከጠፋ እህሉ ካውድማ አይነሣም። ይህን ረዳት ሰውነት የሚሠራው ኒያሲን ከሚባለው ቪታሚንና ትሪፕቶፋን ከሚባለው የፕሮቲን ክፍል ነው፤ ከ60 ሚሊግራም ትሪፕቶፋን 1 ሚሊግራም ያህል ኒያሲን ይገኛል።

እነዚህ ሲጎድሉ ፔላግራ ይመጣል። ፀሐይ የሚያገኘው እጅ፥ እግርና አንገት ይጠቁራል፥ ይላጣል፤ ተቅማጥና የአእምሮ መታወክም ይከተላል፤ ካልታከመ ይገድላል። ታማሚው ለምጻም ነው ወይም መንፈስ ለክፎታል ተብሎ እንዳይገለል ሹሙ ይጠብቅ።

በሕንድ አገር በሐይደራባድ ማሽላ በሚመገቡ ድሆች ላይ ደዌው ታይቷል፤ የአገሩ ሊቃውንት በማሽላ ውስጥ የበዛውን ሉይሲን ምክንያት አድርገውታል፥ ነገሩ ግን አከራካሪ ነው። በማላዊም በ1990 በቆሎ ይሰፈርላቸው የነበሩ የሞዛምቢክ ስደተኞች ኦቾሎኒ በተቋረጠባቸው ጊዜ ከ18,000 የሚበልጡ ታመሙ።

እንግዲህ በድርቅ ዘመን ከብቱ ተሽጦ ወተት በጠፋ ጊዜ፥ እህል ስታከፋፍሉ ማሽላ ብቻ አትስፈሩ፤ ሽምብራ፥ ምስር፥ ቢገኝም ኦቾሎኒ ጨምሩበት። በመስኖ የሚያለማ ባለ መሬትም ከማሳው ጥቂቱን ለጥራጥሬ ቢተው መልካም ነው። ምልክቱ የታየበት ሰው ሳይዘገይ ወደ ጤና ጣቢያ ይላክ፤ ኒኮቲናማይድ የሚባለው መድኃኒት በጥቂት ቀናት ያሻሽለዋል። የሳንባ ነቀርሳ ሕሙማንም ልዩ ጥንቃቄ ይሻሉ፤ የሚወስዱት አይሶናያዚድ ምግብ ባነሰው ሰው ላይ ይህንኑ ደዌ ሊያመጣ ይችላልና።