ጧሪና ቀባሪ
ለጉባኤዎችና ለፕሮጀክት ሠራተኞች የተዘጋጀ ትምህርት

የአገራችን ሽማግሌዎች ሲመርቁ «ጧሪ ቀባሪ አያሳጣህ» ይላሉ። ምርቃቱ ሁለት ነገር ይዟል፤ ይኸውም ሰው ሲያረጅ የሚጦረው፣ ሲሞትም የሚቀብረው እንዲኖር ነው። ከሁለቱ ቀባሪውን በሚገባ አደራጅተነዋል። ዕድራችን ዳኛና ጸሐፊ፣ ገንዘብ ያዥ፣ መዝገብና ድንኳን አለው፤ ከቀብር የቀረም ይቀጣል። ጧሪውን ግን ለልጅ ብቻ ትተነዋል። ልጅ የሌለውን ወይም ልጁ ርቆ የሄደበትን ሽማግሌ ማን ይጠይቀዋል? መንግሥታዊ ያልሆነ ድርጅትስ በዚህ ረገድ ድርሻው ምንድን ነው?

ከስሕተታችን እንጀምር

ከባሕር ዳር ወደ ሞጣ በሚወስደው መንገድ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ስንጓዝ የይልማና ዴንሳ ወረዳ ዋና ከተማ አዴትን እናገኛለን። አካባቢው ጤፍ፣ በቆሎና ድንች የሚያበቅል አገር ነው፤ የግብርና ምርምር ማዕከልም አለው። ከከተማው ወጣ ባለ ቀበሌ ብቻቸውን ለሚኖሩ አንዲት አሮጊት እናት ስንዴና ብርድ ልብስ ሰጠን፤ በቅጹ ላይ አስፈርመንም ተመለስን። ከወር በኋላ ስንሄድ ስንዴው እንደ ታሰረ ከበሩ ኋላ ቆሟል። «እማማ፣ ለምን አልበሉትም?» ብንላቸው፣ «ልጆቼ፣ ማን አስፈጭቶልኝ፣ ማን ጋግሮልኝ ልብላው?» አሉን።

በሪፖርታችን «ተረድተዋል» ተብሎ የተጻፈላቸው እናት የሰነበቱት ጎረቤታቸው በምታመጣላቸው እንጀራ ነበር። ይህች ጎረቤት አምስት ልጆች የምታሳድግ ሴት ናት፤ ውኃውንም የምትቀዳላቸው እርሷ ነበረች። እኛ ግን እርሷን አንዳች ነገር አልጠየቅናትም። በዚያ ቤት የጎደለው እህል ሳይሆን እጅ ነበር። ያለችው አንዲት እጅ ደግሞ ደክማለች።

የእያንዳንዱ ድርሻ

በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6 መበለቶች በዕለታዊው እደላ ተዘንግተው እንደ ነበር እናነባለን። በዚያን ጊዜ የተደረገው ኃላፊነቱን የሚወስዱ ሰባት ሰዎችን መሾም ነበር። በ1ኛ ጢሞቴዎስ ምዕራፍ 5 ደግሞ ቅደም ተከተል ተቀምጧል፤ መጀመሪያ ቤተሰብ ወላጁን ይጡር፣ ጉባኤው ደግሞ ፈጽሞ ብቻዋን የቀረችውን ይርዳ የሚል ነው።

የአገራችን ሕግም ከዚህ አይርቅም። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ ልጆች ለተቸገሩ ወላጆቻቸው ቀለብ የመስጠት ግዴታ እንዳለባቸው ይደነግጋል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አረጋውያንን እንዲረዳ ያዛል። እንግዲህ ድርጅት የሚመጣው ከእነዚህ በኋላ ነው። ሥራውም ቤተሰብንና ጎረቤትን መተካት ሳይሆን እጃቸውን ማበርታት ነው።

ይህ በአገራችን የተሞከረ መንገድ ነው። በ1990ዎቹ ዓ.ም. ኤች.አይ.ቪ./ኤድስ ብዙዎችን አልጋ ላይ ባዋለበት ጊዜ፣ በአዲስ አበባ ለቀብር የተቋቋሙ ዕድሮች ከአገር በቀል ድርጅቶች ጋር ሆነው ሕሙማንን በየቤታቸው ማስታመም ጀምረው ነበር። ድርጅቶቹ ሥልጠናና ቁሳቁስ ሲያቀርቡ፣ ዕድሮቹ ሰውና አመኔታ አቀረቡ። በ2002 ዓ.ም. የተመሠረተው መቄዶንያ ደግሞ ከጎዳና የተነሡ አረጋውያንንና የአእምሮ ሕሙማንን ሰብስቦ ይጦራል። ቤት ለሌለው ሰው እንዲህ ያለ ማዕከል ሕይወቱን የሚያተርፍ ነው። ቤት፣ ጎረቤትና የሚያውቁት ደጅ ላላቸው ግን እርዳታው ወደ ቤታቸው ቢመጣ ይሻላል።

ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ ከመስጠታችን በፊት እንጠይቅ። ውኃ ማን ይቀዳል? ማን ያስፈጫል? ገላቸውን ማን ያጥባል? ሌሊት ቢታመሙ ማን ይሰማል? መሬታቸውን ለእኩል አራሽ ሰጥተው ከሆነ ድርሻቸው በወቅቱ ይደርሳቸዋልን? ውሉ በጽሑፍና በምስክር ፊት እንዲሆን መርዳት ከአንድ ጆንያ ስንዴ ይበልጣል።

ሁለተኛ፣ የሚያስታምሙትን እናሠልጥን። ከአልጋ የማይነሣ ሰው ገላው እንዳይቆስል በየሁለት ሰዓቱ ገደማ ሊገላበጥ ይገባል። ምግብ ሲሰጠው ትን እንዳይለው ቀና ይደረጋል። ውኃ ባይጠይቅም ይሰጠዋል።

ሦስተኛ፣ ከጤና ኬላ ጋር እናገናኛቸው። ብዙ ጊዜ «እርጅና ነው» ተብሎ የሚታለፈው ሕክምና ያለው ሕመም ነው። በዓይን ሞራ ግርዶሽ የታወረ ሰው በቀዶ ሕክምና ዳግመኛ ሊያይ ይችላል።

አራተኛ፣ አስታማሚዋን እናሳርፍ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው የአረጋውያን ክብካቤ መመሪያ ተንከባካቢዎችም እንዲደገፉ መክሯል። በሳምንት አንድ ቀን የሚተካት ሰው ካልተገኘ እርሷም ትወድቃለች።

አምስተኛ፣ ከመጀመሪያው ቀን ስለ መውጣታችን እናስብ። የፕሮጀክት ዘመን ያልቃል፤ መኪናም ይቀራል። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በክልሉ ግጭት ከተቀሰቀሰ በኋላ መንገድ በተዘጋባቸው ቀናት ከባሕር ዳር የሚላክ ባለሙያ ሊደርስ አልቻለም። አጥር ለአጥር ያለ ጎረቤት ግን ይደርሳል።

ወደዚያች እናት ቤት ስንመለስ የሄድነው ከዕድሩ ዳኛ ጋር ነው። ዕድርተኞቹ አብዛኞቹ የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመናን ናቸው፤ በእርጅናና በችግር ግን ሃይማኖት አይለይም። እርሳቸውም ነገሩን ሰምተው፣ «ሞተው ቢሆን ኖሮ ሁላችን በመጣን ነበር» አሉ፤ ቀጥለውም ዝም አሉ። በዚያው ሳምንት ሦስት ቤቶች ተራ ገቡ፤ አንዱ ያስፈጫል፣ አንዱ ይጋግራል፣ አንዱ ውኃ ይቀዳል። ከእኛ የተጠየቀው ሁለት ጀሪካን፣ ሳሙናና የአንድ ቀን ሥልጠና ብቻ ነበር። የሌሊቱን ነገር ግን እስካሁን አልፈታነውም፤ ጎረቤቲቱ ዛሬም ጆሮዋን ወደዚያ ቤት አድርጋ ትተኛለች።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በጉባኤያችሁና በሰፈራችሁ ብቻቸውን የሚኖሩ አረጋውያን እነማን ናቸው? የሚያስታምማቸውስ ማን ነው?

2. ዕድራችሁ ለቀብር ከሚያወጣው ጊዜ ጥቂቱን ለመጦር ሊያውል የሚችለው እንዴት ነው?

3. ፕሮጀክታችሁ ነገ ቢዘጋ ከጀመራችሁት ሥራ የትኛው ይቀጥላል?